ጫሞ ላይ ሞተር ማጥፋት የሚያውቅ ሰው ፈልጉ

ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ለማየት በቀትር አትሂዱ። ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ባታነቡት እንኳ ይቺን ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው የዛሬ አራት ዓመት ነው፤ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ። ሁለተኛው ባለፈው ጥር ከአባቴ ጋር፣ ገና ጎህ ሲቀድ። ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው። ጀልባውም ብዙ አይለይም። የሁለቱ ጉዞ ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልገላገለው። ሆቴላችን በር ላይ አንድ ደላላ ያዘን። ልጁ አፉ ማር ነው። «ሁሉም ነገር በውስጡ አለ፤ ከእናንተ የሚጠበቀው መምጣት ብቻ ነው» አለን። ከፈልን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ለካ የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ነው። ስካውት የሚሉት የፓርኩ ጠባቂ ለብቻው ነው። እኛ ዘጠኝ ነን፤ ላይፍ ጃኬቱ ስድስት ነው። «ዋና የምትችሉ ተዉት» ተባልን። ከመካከላችን ዋና የሚችል አንድ ሰው ነበር። እሱም የሚችለው ሶደሬ ነው።

ሹፌሩ ጀልባውን እንደ ሚኒባስ ነዳው። ከቀትር በኋላ ጫሞ ላይ ነፋስ ይነሳል። ማዕበሉ ጀልባዋን እየደበደበ ልብሳችንን አራሰው። ወፎቹ ገና ከሩቅ ሲሰሙን ብድግ ብለው ይሄዳሉ። አዞ ገበያ የሚሉት ቦታ ስንደርስ ገበያው ተበትኗል። ሹፌሩ ትንሽ ዞር ዞር አለና «ያውላችሁ!» ብሎ አንድ ጥቁር ነገር አሳየን። ሁላችንም ፎቶ አነሳን። ማታ ቁጭ ብለን ፎቶውን ስናሰፋው ግንድ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን እስከ ዛሬ አዞ ነው ብሎ ይሟገታል፤ ፌስቡኩ ላይም ለጥፎታል። ሁለት ሰዓት የተባለው ጉዞ በሃምሳ ደቂቃ አለቀ። የማን ጀልባ እንደነበር አልናገርም። ጊዜው ቆይቷል፣ ልጁም ተሻሽሎ ይሆናል።

ታዲያ ለምን ተመለስሽ ብትሉኝ፣ በአባዬ ምክንያት ነው።

አባዬ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ፊያት ይዞ ያልሄደበት የለም። በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ድረስ እየወረደ ጥጥ ይጭን ነበር። ስለ አርባ ምንጭ ሲያወራ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው የሚያወራው፦ የከተማው ላይኛው ሰፈር ሴቻ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ከታች ሁለቱን ሐይቆች አይቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ጭነቱን ይዞ ይመለሳል። «ሠላሳ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን እግሬን አላስነካሁትም» ይላል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ አንድ አዲስ አመል አመጣ። ዓሣ ማጥመድ አማረው። ሰላሌ ተወልዶ፣ ዕድሜውን መሪ ላይ ጨርሶ፣ በሰባ ሦስት ዓመቱ ዓሣ! መርካቶ ወርዶ ናይለን ክርና መንጠቆ ገዛ። ክሩን የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ጠምጥሞ አልጋው ሥር አስቀመጠው። ለወራት እዚያው ተቀምጦ ሳይ አላስችል አለኝ። ትኬት ቆረጥኩ። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አባዬ ግን መስኮቱ ላይ ተለጥፎ መንገዱን ሲፈልግ ነበር።

የከተማው ታችኛው ሰፈር ሲቀላ እንደገባን ሆቴል በር ላይ የሚቆሙትን ደላሎች አልፌ አንድ የባጃጅ ልጅ ጠየቅኩ። «የማይቸኩል የጀልባ ሹፌር ታውቃለህ?» አልኩት።

ልጁ ሳቀ። «አንድ አለ። ግን ሰነፍ ነው» አለኝ።

«እንዴት ሰነፍ?»

«ሁሌ ሞተር እያጠፋ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሌላው ሦስት ዙር ሲሠራ እሱ አንድ ነው።»

ስልኩን ስጠኝ አልኩት።

ማታ ደወልኩ። ሰውየው ስንት ትከፍላላችሁ አላለኝም። ስንት ሰው ናችሁ አለ። ትልቅ ሰው አለ ወይ አለ። ከዚያ «ስንት ሰዓት መነሳት ትችላላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀጣጠርን። ዋጋውን እኔው ነኝ ያነሳሁት።

ዋጋን በተመለከተ መታወቅ ያለበት፣ ሒሳቡ በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው። ሁለት ሆናችሁም ስምንት ሆናችሁም ለጀልባዋ የምትከፍሉት ያው ነው። ስለዚህ ሰው ፈልጋችሁ ብትዳበሉ ይሻላል። እኛ ከሐዋሳ የመጡ ባልና ሚስት አግኝተን ተካፈልን። ሐይቁ የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ስለሚነካ የፓርኩ ክፍያ ለብቻው አለ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ የት የት እንደምትሄዱና ስካውቱን ማን እንደሚከፍል ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ። ጀልባ ላይ ከወጣችሁ በኋላ መከራከር አያዋጣም፤ መሪው እሱ እጅ ነው።

ጀልባዎቹ የሚነሱበት ቦታ ከከተማ ወጣ ይላል። የኮንሶን መንገድ ይዛችሁ ሄዳችሁ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። በሙዝና በማንጎ እርሻ መካከል ያለው መንገድ አቧራ ነው። እኛ ስንደርስ ገና በቅጡ አልነጋም። ዓሣ አጥማጆች የሌሊት መረባቸውን ይዘው እየገቡ ነበር። አሸዋው ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈዋል። የዕድር ሊቀመንበር ዘግይቶባቸው የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ነው የሚመስሉት፤ ጥቁር ካፖርት፣ መላጣ ራስ፣ አንገት ሰበር። አንዱ አጥማጅ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲወረውር ግን ሽምግልናው ቀርቶ እንደ ሕፃን ተሻሙ።

አባዬ ከአንድ ናይል ፐርች ፊት ተንበረከከ። ዓሣው አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ክንድ ሁለት እጥፍ ያህላል። ብርማ ነው። ዓይኑ ወርቅ ነው፤ ሞቶም ያበራል። የኛ ሹፌር ከኋላ መጣና «ይሄ ልጅ ነው፣ አባቴ» አለው። «የዚህ ዓሣ ዘር ከመቶ ኪሎ በላይ ይሄዳል። ድሮ አንዱን በእንጨት አንጠልጥለው ሁለት ሰው ነበር የሚሸከሙት። አሁን መረቡ በዛ፣ የመረቡ ዓይንም ጠበበ። ሳያድግ ይወጣል።» እዚያው አጠገባችን ያለውን መረብ በጣቱ አሳየን። አውራ ጣቴ በግድ ነው የሚያልፍበት።

ሰውየው አርባዎቹ ውስጥ ይሆናል። ቀጭን ነው። ብዙ አያወራም። ላይፍ ጃኬቱን እሱ ራሱ ነው ያለበሰን። የአባዬን ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰረለት። የኔ ጃኬት አንዱ መቆለፊያ ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል፤ ይህን እንደ ጉድለት ያዙልኝ። መቀመጫውም ደረቅ ብረት ነው። ጋቢ ወይም ፎጣ ያዙ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ብረት ላይ መቀመጥ ቀልድ አይደለም። መጸዳጃ ቤት የሚባል ነገር ደግሞ ዳርቻው ላይ አታገኙም። ከሆቴል ጨርሳችሁ ውጡ።

ሞተሩ ገመዱ ተስቦ ሲነሳ አባዬ ጆሮውን አዘነበለ።

«ካንዴላው ቆሽሿል» አለ።

«ትናንት ነው የቀየርኩት፣ አባቴ» አለ ሹፌሩ በትሕትና።

አባዬ ጭሱን አየ። «እንግዲያው ዘይት አብዝተህበታል። ቤንዚኑ ላይ ዘይት ስትጨምር በዓይንህ ነው አይደል?»

ሹፌሩ ዝም አለ። ከዚያ ፈገግ አለ። «በዓይኔ ነው» አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔም ከሐዋሳ የመጡትም ተሳፋሪዎች ነን፤ ሁለቱ ባልደረቦች ሆኑ።

ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ያለ ነው። እንደ ትሪ ተዘርግቷል። ወደ ሰሜን ስታዩ ጫሞንና አባያን የሚለየው ጉብታ አለ፤ የእግዜር ድልድይ ይሉታል። ከጉብታው ወዲያ አባያ ነው። አባያ ቀይ ቡናማ ነው፤ ወንዞች የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚቀር ነው። ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ጎን ለጎን ተኝተው ቀለማቸው አይገናኝም። ወደ ምሥራቅ ደግሞ ፓርኩ ስሙን ያገኘበት ሜዳ አለ፤ ጠዋት ጨረር ሲያርፍበት ሣሩ እውነትም ይነጣል። ፓርኩ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ሜዳ ላይ የሜዳ አህያ አለ፤ እሱን ለማየት ግን ሌላ ቀን ሌላ መኪና ይጠይቃል። በጀልባ አይታለም።

አንድ ሃያ ደቂቃ እንደሄድን ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋው። ምንም የሚታይ ነገር የለም። የሐዋሳው ሰውዬ «ተበላሸ?» አለ። ሹፌሩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

መጀመሪያ የውሃው ድምፅ መጣ፤ የጀልባዋን ሆድ ቸብ ቸብ ያደርጋል። ቀጥሎ ወፎች። አንዲት ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽ ወፍ እፊታችን አየር ላይ ቆመች። እንደ ሄሊኮፕተር ክንፏን እያርገበገበች አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለች፣ ቁልቁል ተወረወረች፣ ዓሣ ይዛ ወጣች። የደረቀ ዛፍ ጫፍ ላይ ራሱ ነጭ የሆነ ዓሣ በል ንስር ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጮኸ። እና ከዚያ፣ ከጎናችን፣ አንድ ትልቅ ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖ ሲተነፍስ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ፉፍፍ። ጉማሬዎች ናቸው። አስራ አንድ ጆሮ ቆጠርኩ። «አስራ አንድ ጆሮ እንዴት ይሆናል?» አለኝ አባዬ በሹክሹክታ። አንዱ ጆሮውን ውሃ ውስጥ ትቶት ነበር።

ሹፌሩ ከነሱ ርቆ ነበር የቆመው። ለምን እንደማይጠጋ ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ሰው ሁሉ አዞ ይፈራል፤ ጀልባ ላይ ላለ ሰው ግን አስጊው ጉማሬ ነው። አይዋኝም እኮ፤ ውሃው ሥር መሬቱን እየረገጠ ነው የሚሄደው። ጠልቆ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። የት እንደሚወጣ አታውቁም። ከሥራችሁ ከወጣ ደግሞ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ነገር ነው። ስለዚህ አራት ወይም አምስት ራስ ሲያይ የሚፈልገው ስድስተኛውን ነው። «ያላየሁትን ነው የምፈራው» አለ። ያኛው የመጀመሪያ ሹፌራችን ጉማሬ መሐል ለመሐል ሰንጥቆን እንዳለፈ ትዝ ሲለኝ ሆዴ ተላወሰ።

ወደ አዞ ገበያ የሄድነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሆን ብሎ ነው ያዘገየን። አዞ ደሙን የሚያሞቀው በፀሐይ ነው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ስትበረታ ዳር ወጥቶ ይተኛል። ቀትር ላይ ሲግለው ተመልሶ ይገባል። ከአሥር ሰዓት ወዲያ ድጋሚ የሚወጡ አሉ፤ ያኔ ግን ከነፋሱ ጋር ነው ግብግቡ። የቦታው ስም የመጣውም ለዚሁ ነው። ነጋዴ የለም፣ ሚዛን የለም። ሰብሰብ ብለው ጭቃው ላይ ሲጋደሙ ገበያ የወጡ ስለሚመስሉ ነው።

በሩቁ ሞተሩን አጠፋ። መቅዘፊያ አነሳ። ከዚያ በኋላ ያለውን በመቅዘፊያ ነው የሄድነው። አቀዛዘፉን ልብ ብዬ አየሁት። መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ሲያስገባው ድምፅ የለውም፤ ሲያወጣውም ጠብታው እንዳይንጠባጠብ አጋድሞ ነው የሚይዘው። አምስት ደቂቃ ያህል ማንም ትንፍሽ አላለም። የሐዋሳዋ ሴትዮ የባሏን እጅ ይዛለች። አባዬ የሃይላንዱን ጠርሙስ ይዟል።

አሥራ አራት ነበሩ። የቀረበን አንደኛው ነው። አምስት ሜትር የሚሞላ ይመስለኛል፤ ሹፌሩም «ከዚህ የሚተልቅ አለ» ነው ያለው። ከሩቅ አረንጓዴ ጥቁር የሚመስለው ቆዳ ሲቀርቡት ሌላ ነው። ጀርባው ላይ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ክረምት ያለፈበት የእርሻ መሬት ይመስላል። ጎኑ ላይ ቢጫ ነገር አለበት። አፉን በሰፊው ከፍቶታል። ውስጡ እንደ አሮጌ ቅቤ ቢጫ ነው። ጥርሶቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ስብር ያለ፣ አንዱ ጋ ባዶ። ምላሱ ከታች ተጣብቆ ተኝቷል፣ አይላወስም። አንድ ዝንብ ከንፈሩ ላይ ሄደ፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ ተመልሶ ወጣ። አዞው ምን ገዶት።

«ምን ሆኖ ነው አፉን የከፈተው?» አለ አባዬ፣ ከትንፋሽ በቀጠነ ድምፅ።

«ሙቀት እያስወጣ ነው፣ አባቴ። ራዲያተር በሉት።»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱን ብታዩት! «ራዲያተሩ አፉ ላይ ነው!» አለኝ።

ሹፌሩ ቀስ እያለ ሌላም ነገረን። ሴቷ እንቁላሏን አሸዋ ቆፍራ ትቀብራለች፤ ሦስት ወር ያህል ሳትርቅ ትጠብቃለች። ልጆቹ ሊፈለፈሉ ሲሉ ከውስጥ ይጮኻሉ። እሷ ሰምታ ትቆፍርላቸዋለች፤ በዚያ አፏ ይዛ ወደ ውሃ ትወስዳቸዋለች። ወንድ ይሁኑ ሴት የሚወስነውም የጉድጓዱ ሙቀት ነው። ይሄኛውን አባዬ አላመነም። ሆቴል ገብተን ስልኬ ላይ ካሳየሁት በኋላ ነው የተቀበለው። ያኔም «ሰውየው እውነቱን ነው ለካ» ብሎ ነው፤ ስልኬን ሳይሆን ሹፌሩን ነው ያመሰገነው።

ስንት ደቂቃ እንደቆየን እንጃ። በመጨረሻ ከኋላችን ሌላ ጀልባ መጣች። ከሩቅ ሞተሯ ይጮኻል፣ ሙዚቃም አለ። ትልቁ አዞ አፉን ገጠመ። ቀስ ብሎ አይደለም፤ አንድ ጊዜ፣ ቀጭ። ከዚያ ተንሸራተተ። ያን የሚያህል ፍጡር ውሃ ውስጥ ሲገባ ቡልቅ የሚል ድምፅ ይጠብቃል ሰው። ምንም። ውሃው ተከፈተለት፣ ተዘጋ። አንድ በአንድ ሄዱ። ሌላዋ ጀልባ ስትደርስ ባዶ ጭቃ ነው የቀረው። ሹፌሩ እየጠቆመ አንድ ነገር ያሳያቸዋል። እነሱም ስልካቸውን አውጥተው ያነሳሉ። ግንድ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ዓሣ ማጥመዱ። እዚህ ላይ ቅር ያለኝን እናገራለሁ። ጉዞው «ዓሣ ማጥመድንም ይጨምራል» ነው የተባለው፤ ጀልባዋ ላይ ግን ዘንግ የለም፣ ክር የለም፣ መንጠቆ የለም። ያለው «ማቆም እንችላለን» የሚል ፈቃድ ነው። አባዬ የራሱን ባይዝ ኖሮ ውሃ ስናይ ነበር የምንመለሰው። ናይል ፐርች በስፖርት መልክ ለማጥመድ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ሙሉ ዕቃቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፤ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ቀድማችሁ ፓርኩን ጠይቁ። ለአዞና ለጉማሬ ማየቱ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለማጥመዱ ሁለት። እሱንም አንዱን የምሰጠው ለሹፌሩ ትዕግሥት ነው።

ከአዞዎቹ ርቀን፣ ደንገሉ አጠገብ ቆምን። አባዬ ትል በፌስታል ይዞ መጥቷል። ከሆቴሉ የአትክልት ቦታ ነው የቆፈረው፤ አትክልተኛውን አስፈቅዶ ነው ይላል። ክሩን ከጠርሙሱ ላይ ሲፈታ ጣቶቹን አየሁ። አርባ ዓመት መሪ የጨበጡ፣ ከመገጣጠሚያቸው ያበጡ ጣቶች ናቸው። ክሩን በአመልካች ጣቱ ላይ አሳርፎ ቁጭ አለ። «ማርሽ ሲገባ በእጅህ ይታወቅሃል፤ ይሄም እንደዚያው ነው» አለ።

አርባ ደቂቃ ምንም የለም። የሐዋሳው ሰውዬ አንቀላፋ። ከኛ ወዲያ ሁለት ወጣቶች እንደ ቡሽ ቀላል ከሆነ እንጨት በታሰረ ታንኳ ላይ ተቀምጠው መረብ ይስባሉ። ታንኳዋ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር አትሆንም፤ እግራቸው ውሃ ይነካል። አዞዎቹን ያየንበት ቦታ ከዚያ ወዲህ ሩቅ አይደለም። አባዬ ብዙ አያቸው። «ብረት ላይ ተቀምጠን መቀመጫችንን አመመን እንላለን» አለ።

ከዚያ ክሩ ተጎተተ። አባዬ ብድግ ሊል ሲል ሹፌሩ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ተሳበ፣ ተሳበ፣ ወጣ። ቆሮሶ ነው። መዳፌን አያክልም። አባዬ ግን እንደ ናይል ፐርቹ ነው የያዘው፣ በሁለት እጁ። ፎቶ አነሳሁት። ፎቶው ላይ ዓሣው በጣቶቹ ተሸፍኖ አይታይም።

«ይቺ ትመለስ፣ አባቴ። ልጅ ናት» አለ ሹፌሩ።

አባዬ አሰበ። «እግዜር በሰባ ሦስት ዓመቴ የሰጠኝን?» አለ። ግን መንጠቆውን ቀስ ብሎ አወጣላትና ጎንበስ ብሎ ለቀቃት። እጁን ወዲያው ከውሃው አላወጣም። ሹፌሩ ነው «እጅዎን፣ አባቴ» ብሎ ያስታወሰው። እዚያ ሐይቅ ላይ እጅ ውሃ ውስጥ አይከረምም። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ይህን ነገር አደራ።

ስንመለስ ነፋሱ ጀምሯል። ሰዓቱ ገና ሦስት ተኩል አካባቢ ነው፤ ሐይቁ ላይ ግን ነጫጭ አረፋ ብቅ ብቅ ይላል። ሹፌሩ ዳር ዳሩን ይዞ ቀስ ብሎ ወሰደን። መውረጃው ላይ የተጣለ ፕላስቲክ ብዛት ያሳዝናል። አባዬ የሱን ጠርሙስ ከነክሩ ብብቱ ሥር አድርጎ ወረደ። ከጉርሻው ጋር ለሹፌሩ አንድ ነገር ሰጠው፤ የቡና ሲኒ። ከሆቴሉ አንስቶ እንዳይሆን ደንግጬ ሳይ፣ ሱቅ ገዝቶ ኖሯል። «ለአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ሲኒ ዘይት እንደሚገባ ለካና ምልክት አድርግ፤ በዓይንህ አትሥራ» እያለው ነበር።

ከሰዓት አባያ በኩል ያለውን የአዞ እርባታ አየን። ከጫሞ እንቁላል እየተሰበሰበ ለቆዳቸው የሚያድጉበት ቦታ ነው። በሲሚንቶ ግንብ ውስጥ በዕድሜ በዕድሜያቸው ተለይተው ተደራርበው ይተኛሉ። ልጆች ይወዱት ይሆናል። ጠዋት ያን ያየ ሰው ግን ብዙ አይቆይም። አባዬ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «እንሂድ» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ነው ሌላው ጣጣ የመጣው። አርባ ምንጭ ሄዶ ዓሣ ያልበላ አርባ ምንጭ አልሄደም። እኛ የገባንበት ቤት ዓሣውን ከነእሾሁ ግራና ቀኝ ሸንተረር ሸንተረር አድርጎ ይጠብሰውና ከዳጣ ጋር ያቀርባል፤ ዳር ዳሩ ይንኮሻኮሻል። ኮተሌትም አለ፣ ጉላሽም አለ። ሽታው ከመንገድ ይጠራል። ቀኑ ግን ረቡዕ ነው። አስተናጋጇ «አባባ፣ ዓሣ እኮ ጾም ነው፤ እዚህ ሁሉም ይበላል» አለችው። አባዬ የሷን ሥነ መለኮት በትዕግሥት ሰማ። «ልጄ፣ ዓሣ ደም አለው። ዛሬ ጠዋት በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ» አላትና ሽሮ አዘዘ። እኔ ዓሣውን በላሁ። እሾሁን ስለቅም እያየኝ ሽሮውን ጨረሰ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ክፍሉን ባንኳኳ የለም። ስልኩንም አያነሳም። ሆቴሉን ዞርኩ፣ ጥበቃውን ጠየቅኩ። «ቀድመው ወጥተዋል» አለኝ። ዓሣ ቤቱ ጋ አገኘሁት። ገና አልተከፈተም። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ደጁ ላይ ካለው የፕላስቲክ ወንበር አንዱን ገልብጦ አውርዶ ተቀምጧል።

«መቼ ነው የሚከፈተው?» አልኩት።

«አራት ሰዓት» አለኝ። «ተቀመጪ።»